የምጣድ ማሰሻና የመስተዋት ፎርማ

(በተማሪዎች ማኅበር የንግግር ምሽት ላይ የቀረበ)



ዛሬ የምናገርበት ጉዳይ ሲሰሙት ትንሽ ነው። በእሳት የለሰለሰ መስተዋት ከተኛበት የሸክላ ፎርማ ላይ ሳይጣበቅ እንዲነሣ በሁለቱ መካከል ምን ይቀባ? ጥያቄው ይኸው ብቻ ነው። አንዳንድ ጓደኞቼ ርእሱን በማስታወቂያው ሰሌዳ ላይ ባዩ ጊዜ «ለዚህ ደግሞ ንግግር ያስፈልገዋልን?» ብለው ስቀውብኛል። እኔም ከሦስት ወር በፊት ቢሆን ኖሮ አብሬያቸው በሳቅሁ ነበር። ዳሩ ግን በነዚህ ሦስት ወራት ውስጥ አምስት ፎርማ ሰብሬ፣ የላቦራቶሪውን ምድጃ ወለል አበላሽቼ፣ አንዲት የተከበሩ እናትንም አስቀይሜ ስላበቃሁ፣ ጉዳዩ እንደሚመስለው ትንሽ አለመሆኑን ለመናገር ጥቂት መብት ያገኘሁ ይመስለኛል።

ሌላም ምክንያት አለኝ። እንደምታውቁት የማኅበራችን የእደ ጥበብ ክፍል ከመስኮት መስተዋት ቍርጥራጭ ሳሕንና የመብራት ክዳን እየሠራ ለመሸጥ አስቧል። በመስተዋት ቆራጮች ደጃፍ የሚጣለው ስብርባሪ ያለ ዋጋ የሚገኝ ስለ ሆነ ሐሳቡ መልካም ነው። ለዚሁ ሥራ ከውጭ አገር የሚመጣ፣ በጣሳ የታሸገ የሚረጭ ቅባት እንዲገዛ የሚል ሐሳብ በሚመጣው ሳምንት ለድምፅ ይቀርባል። እጃችሁን ከማንሣታችሁ በፊት ያየሁትን ልንገራችሁ።

አስቀድሜ ሥራው ምን እንደ ሆነ ላስረዳ። የመስተዋት ዕቃ የሚበጀው በመንፋት ብቻ አይደለም። መንፋት ከክርስቶስ ልደት በፊት በነበረው የመጨረሻ መቶ ዓመት በሶርያና በፍልስጥኤም ምድር አካባቢ እስኪፈለሰፍ ድረስ፣ ብዙው የመስተዋት ዕቃ ይሠራ የነበረው በፎርማና በእቶን ነበር። ዘዴው ዛሬም አልቀረም። ጠፍጣፋ መስተዋት ጐድጓዳ በሆነ ፎርማ አፍ ላይ ይጋደማል፤ እቶኑ ቀስ በቀስ ይሞቃል፤ የመስኮት መስተዋት 700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አልፎ ወደ 730 ሲቃረብ እንደ ወፍራም ማር ይለሰልስና በገዛ ክብደቱ ወደ ጐድጓዳው ይወርዳል። ከዚያ በኋላ በ550 ዲግሪ ገደማ ጥቂት እንዲያርፍ ይደረግና እጅግ በዝግታ ይቀዘቅዛል። ያለዚያ በውስጡ ውጥረት ይዞ ይቀርና ከሳምንት በኋላ ጠረጴዛ ላይ እንደ ተቀመጠ በገዛ ራሱ ሊሰነጠቅ ይችላል።

በአገራችን መስተዋት ከጥንት ጀምሮ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ዕቃ ነበር። በመጀመሪያው መቶ ዓመት የተጻፈው ፔሪፕሉስ የተባለው የነጋድያን መጽሐፍ ወደ አዱሊስ ከሚገቡት ሸቀጦች መካከል መስተዋትን ይቈጥራል። በ1953 ዓ.ም. በተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ ያለው 150 ካሬ ሜትር የሚሆነው የአፈወርቅ ተክሌ ባለ ቀለም መስኮት እንኳ ንድፉ የኢትዮጵያዊ ሲሆን መስተዋቱ የተዘጋጀው በፈረንሳይ አገር ነው። ሸክላ ግን የራሳችን ነው። ሸክላን ከላዩ ከሚጫንበት ነገር ማላቀቅም በየማድ ቤታችን በየጊዜው የሚሠራ ሥራ ነው፤ ለዚህም የታወቀ ስም አለው፤ ማሰሻ ይባላል። እኔም ዛሬ ማታ በሸክላና በመስተዋት መካከል የሚገባውን ቅባት ሁሉ በዚሁ ስም እጠራዋለሁ።

የተወለድሁት በአዲ አርቃይ ነው። ከደባርቅ ተነሥቶ ሊማሊሞን እየተጠማዘዘ ወርዶ ዛሪማን ያለፈ መንገደኛ ያውቃታል። እናቴ አዲስ ምጣድ በገዛች ቍጥር ቤታችን በጢስ ይሞላ ነበር። አዲስ ምጣድ እንደ ተገዛ እንጀራ አያወጣም፤ ሊጡ ሲፈስበት ይይዘዋል። ስለዚህ መሟሸት አለበት። ምጣዱ ተጥዶ ይግላል፤ የተወቀጠ ጎመን ዘር ይበተንበታል፤ በጨርቅ ይታሻል፤ ጢሱ ዓይን ያቃጥላል፤ እንደገና ይበተናል፤ እንደገና ይታሻል። እንዲህ እየተደጋገመ ቀዩ ሸክላ ጥቍርና አንጸባራቂ ይሆናል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት እንጀራዎች ተቀዳደው ለውሻ ይሄዳሉ። ከዚያ ወዲያ ግን በየእንጀራው መካከል ማሰሻውን አንድ ጊዜ ማዞር ብቻ ይበቃል።

ልጅ ሳለሁ ይህን የማድ ቤት ጣጣ እንጂ የኬሚስትሪ ሥራ አድርጌ አልቈጠርሁትም። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትም ስለ ዘይትና ስለ ኦክስጅን ስንማር የእናቴ ምጣድ አንድ ጊዜ እንኳ ትዝ አላለኝም። መምህሩም አላነሡትም። ነገሩ ግን እንዲህ ነው። የጎመን ዘር ዘይት በስሱ ተቀብቶ ሲግል ከአየሩ ኦክስጅን ይወስድና ሞለኪውሎቹ እርስ በርሳቸው ይያያዛሉ፤ ልክ እንደ ዘይት ቀለም ይጠነክራል፤ ከፊሉም ወደ ከሰልነት ይጠጋል። በሸክላው ቀዳዳዎች ገብቶ ይደፍናቸዋል፤ በላዩም ውኃ የማይጠጣ ቆዳ ያበጃል። ሊጥ አብዛኛው ውኃ ነውና እንዲህ ያለ ቆዳ ላይ ሥር መስደድ አይችልም፤ በእንፋሎቱ ተነሥቶ ይለቃል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ምጣዱ 200 ዲግሪ በሚያህል ሙቀት ስለሚሠራ ነው። ይህን ቍጥር ያዙልኝ፤ የጥፋቴ ሥር እርሱ ነው።

ለሙከራዬ ፎርማ የሠሩልኝ በዳባት ገበያ ሸክላ የሚሸጡ አንዲት ባልቴት ናቸው። ስማቸውን እንዳልጠራ ለምነውኛል፤ ምክንያቱን ባይነግሩኝም ገብቶኛል። በጎንደርና በሰሜን የሸክላ ሥራ ለብዙ ዘመን በቤተ እስራኤል ሴቶች እጅ የኖረ ነው። ከጎንደር ወደ ዳባት በሚወስደው መንገድ ያለችው ወለቃ እስከ ዛሬ በዚሁ ትታወቃለች። ወንዶቹ ቀጥቃጮችና ሸማኔዎች፣ ሴቶቹ ሸክላ ሠሪዎች ነበሩ። አገሩም በምጣዳቸው እየበላ፣ በማረሻቸው እያረሰ «ቡዳ» ይላቸው ነበር። አብዛኞቹ በ1977 ዓ.ም.፣ በ1983 ዓ.ም. እና ከዚያም በኋላ ወደ እስራኤል ሄደዋል፤ ስድቡ ግን አብሯቸው አልሄደም፤ ሸክላ ለሚነካ ሰው ሁሉ ቀረ። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። ከዚያ ወዲህ መቶ ዓመት አልፏል፤ እኒያ እናት ግን ዛሬም የሚቀመጡት በገበያው ጠርዝ ነው።

እኔም ያኔ ከተሳዳቢዎቹ አልሻልሁም ነበር። ስድብ አልወጣኝም፤ ነገር ግን ስድስት ጣባ እንዲሠሩልኝ በነገርኋቸው ጊዜ «ምን ልትበላበት ነው፣ ልጄ?» ብለው ቢጠይቁኝ፣ «አልበላበትም እማማ፤ ለትምህርት ነው» ብዬ ነገሩን ዘጋሁት። ብነግራቸው አይገባቸውም ብዬ ነው። እርሳቸው ደግሞ ለተማሪ ልጅ ደስ እንዲለው ብለው የሚችሉትን ሁሉ አደረጉበት። ውስጡን በለስላሳ ጠጠር እያሹ እንደ መስተዋት ወለወሉት፤ ሳላዝዛቸውም በጎመን ዘር አሟሽተው ሰጡኝ። ዋጋ አልጨመሩብኝም።

አንደኛው ጣባ በአውቶቡሱ ጣራ ላይ ተሰበረ። ይህ የኔ ጥፋት አይደለም ብዬ ብከራከር ይቻለኛል።

ሁለተኛውን ወደ ላቦራቶሪው ምድጃ ሳስገባ ትልቅ ግኝት ያገኘሁ መስሎኝ ነበር። እንጀራን የሚያላቅቅ መስተዋትን ያላቅቃል፤ እንዲያውም የአገራችን ዕውቀት የውጭውን ያሸንፋል ብዬ፣ በማሟሻው ላይ ተጨማሪ ዘይት ቀባሁበት። ሙቀቱ 400 ሳይደርስ ላቦራቶሪው በጢስ ተሞላ፤ መምህሬ መስኮቶቹን ሁሉ ከፍተው በደጅ ቆሙ። በማግስቱ ምድጃውን ስከፍት ጣባው ከጥቍርነት ወደ ቀይነት ተመልሶ አገኘሁት። ዘይቱ ከነቆዳው ተቃጥሎ ጠፍቷል። መስተዋቱ በባዶ ሸክላ ላይ ተኝቶ ሸክላውን ይዞታል፤ ፈልቅቄ ላነሣው ብሞክር አውራ ጣት የሚያህል የሸክላ ሥጋ ይዞ ወጣ፤ የቀረውም ለሁለት ተከፈለ። በጠርዙ ላይ የፈሰሰውም የምድጃውን ወለል ያዘ። ማሰሻዬ ከእጅ አይሻል ዶማ ሆነ።

እዚህ ላይ መስተዋት ሸክላን የሚይዝበትን መንገድ ማወቅ ያስፈልጋል። መጣበቅ እንላለን እንጂ እንደ ሙጫ መጣበቅ ብቻ አይደለም። በመስተዋት ውስጥ ሶዳና ኖራ አሉ፤ ሸክላም መስተዋትም ሁለቱ በብዛት ሲሊካ ናቸው። በከፍተኛ ሙቀት የመስተዋቱ ሶዳ የሸክላውን ሲሊካ ይነካና ከራሱ ጋር ማቅለጥ ይጀምራል፤ ድንበራቸው ይጠፋል። የሰሜን ሸክላ ደግሞ ብረት የበዛበት ቀይ አፈር ስለ ሆነ፣ ብረቱም ማቅለጡን ያግዛል። በዚህ ላይ የለሰለሰው መስተዋት በሸክላው ቀዳዳዎች ገብቶ ሲደርቅ እንደ ጥርስ ይነክሳል። እንግዲህ ጥሩ ማሰሻ ማለት በዚያ ሙቀት የማይቃጠል፣ የማይቀልጥ፣ መስተዋትም የማይዋሐደው ነገር ነው። ዘይት የመጀመሪያውን ፈተና እንኳ አላለፈም።

ስብርባሪውን በጋዜጣ ጠቅልዬ ወደ ዳባት ተመለስሁ። ባልቴቲቱ ገሉን እያገላበጡ አዩት። «የኔን ሸክላ እንዲህ ያደረገው ምን ጉድ ነው?» አሉኝ፤ ፊታቸው ተለዋወጠ፤ አፈሩን ያበላሹት እርሳቸው መስሏቸው ነበር። ያን ጊዜ ሁሉንም ነገርኋቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና «ጎመን ዘር እኮ ለሊጥ ነው። አንተ ለጫንኸው ነገር ማሰሻው ጎመን ዘር ነው ያለህ ማን ነው?» አሉ። የሦስት ወር ሥራዬ ይህን ጥያቄ ከመመለስ ሌላ አልነበረም። ቀጥለውም «አስቀድመህ ብትነግረኝ ውስጡን ባልወለወልሁልህ ነበር። የተወለወለ ገላ ልስን አይቀበልም» አሉኝ። አላመንኋቸውም ማለት አልችልም፤ ነገር ግን የዚህ ሁለተኛው ቃል ትርጕም የገባኝ ቆይቶ ነው።

ከዚያ በኋላ ወደ አመድ ሄድሁ። አመድ የተቃጠለ ነገር ትርፍ ስለ ሆነ ዳግመኛ አይቃጠልም የሚል አሳብ ነበረኝ፤ ይህም እውነት ነው። ሁለተኛውን ፈተና ግን ይወድቃል። የእንጨት አመድ ውስጥ ፖታሽ አለ፤ ፖታሽም እንደ ሶዳ ሲሊካን የሚያቀልጥ ነው። ቀጥቃጭ ቤት ገብታችሁ የወናፉን የሸክላ አፍ ብታዩ፣ አመድና አፈር በእሳት ተዋሕደው ያበጁትን አረንጓዴ ብርጭቆ መሳይ ቆዳ ታገኛላችሁ። እኔ ግን ያንን ያስተዋልሁት ሦስተኛው ጣባ ከጠርዙ ከተነከሰ በኋላ ነው። አመድ የመስተዋት ጠላት ሳይሆን ዘመዱ ነው፤ በመካከል ለመግባት ዘመድ አይሆንም።

አራተኛውን የሰበርሁት በችኰላ ነው። በሸክላው ውስጥ ያለው አሸዋ በ573 ዲግሪ ላይ ድንገት ያብጣል፤ ሲቀዘቅዝም በዚያው ነጥብ ላይ ድንገት ይኮማተራል። በዚያ ሙቀት አጠገብ ቀስ ብሎ ማለፍ እንደሚገባ በመጽሐፍ አንብቤ ነበር፤ ያን ቀን ግን የእራት ሰዓት ደርሶ ነበር።

ገሎቹን አልጣልኋቸውም፤ መፈተኛ አደረግኋቸው። በያንዳንዱ ገል ላይ ልዩ ልዩ ነገር ቀብቼ፣ ጥፍር የሚያህል መስተዋት አስቀምጬ፣ ሁሉንም ባንድ ጊዜ አሞቃቸው ጀመር። በዚህ መንገድ አንድ ሌሊት የስድስት ጣባ ትምህርት ይሰጣል። ከመጀመሪያው እንዲህ ባደረግሁ!

አሸዋ እንደሚይዝ ገምቼ ነበር፤ ያዘ፤ ሲሊካ ነውና። ከዚያ የክፍላችንን ጠመኔ ፈጨሁ። ጠመኔ ሁለት ዓይነት እንደ ሆነ ያወቅሁት ያኔ ነው። አንዱ እውነተኛ የኖራ ድንጋይ ዘር ነው፤ ሌላው ጀሶ ነው። የኖራው ዘር በ730 ዲግሪ መስተዋቱን በደኅና ለቀቀው፤ ከጀርባው ላይ ነጭ ብናኝ ብቻ ቀረ፤ በውኃ ታጠበ። ሙቀቱ ከ800 ሲያልፍ ግን ጋዙን እየለቀቀ ወደ ያልበረደ ኖራነት ይለወጣል፤ ያም ከአየሩ እርጥበት እየጠጣ ያብጥና ይረግፋል። ስለዚህ ለዝቅተኛ ሙቀት የድኻ ማሰሻ ይሆናል፤ በየጊዜው መታደስ ግን አለበት። ጀሶውን አልመክርም።

የተሻለው ነገር ካኦሊን የሚባለው ነጭ ሸክላና የአልሙኒየም ሃይድሮክሳይድ ድብልቅ ሆኖ ተገኘ። ይህ የኔ ግኝት አይደለም፤ በዓለም ሁሉ ያሉ የመስተዋት እቶን ሠራተኞች የሚጠቀሙበት ነው። የኔ ድርሻ ለምን እንደሚሠራ መጠየቅና እዚህ አገር ከምን እንደሚገኝ መፈለግ ነበር። አልሙኒየም ሃይድሮክሳይድ ሲግል ውኃውን ይለቅና አሉሚና ይሆናል፤ አሉሚና ደግሞ ከ2000 ዲግሪ በላይ ካልሆነ የማይቀልጥ ግትር ነገር ነው፤ መስተዋትም በኛ ሙቀት አይዋሐደውም። ነገር ግን ብቻውን እንደ ደረቅ ዱቄት ይረግፋል፤ ሸክላው ላይ የሚያስይዘው ያስፈልገዋል። ካኦሊን የሚገባው ለዚህ ነው። ካኦሊን ብቻውን ቢቀባስ? ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ግማሽ ያህሉም ሲሊካ ስለ ሆነ ሙቀቱ በበረታ መጠን መስተዋቱን መያዝ ይጀምራል። ሁለቱ እኩል በእኩል በሚዛን ሲቀላቀሉ አንዱ የሌላውን ጕድለት ይሸፍናል።

ካኦሊን በአገራችን በደቡብ በኩል ቦምቦዋ በሚባለው ስፍራ ይወጣል። ለሙከራው የሚበቃኝን አንድ ጓደኛዬ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ላከልኝ። አልሙኒየም ሃይድሮክሳይዱን ግን ራሴ ሠራሁት። ለከተማ ውኃ ማጣሪያ የሚውለው አልሙኒየም ሰልፌት በአዋሽ መልካሳ ሲመረት የኖረ ነው። እርሱን በውኃ አሟምቼ የልብስ ሶዳ ሟሚ ሳፈስበት እየፈላ አረፋ አወጣ፤ ነጭ፣ እንደ እርጎ የረጋ ነገርም ወደ ታች ወረደ። የምንፈልገው እርሱን ነው። አጥልዬ፣ አድርቄ፣ በ600 ዲግሪ አግዬ ፈጨሁት፤ ሳይግል ቢቀባ እጅግ ስለሚኮማተር ይላጣል።

የመጀመሪያው ፍጭ ግን ያዘ! ለሁለት ቀን ያህል ሳይንስ ሁሉ የተሳሳተ መስሎኝ ነበር። ነገሩ ቀላል ሆነ፤ በደንብ አላጠብሁትም። የልብሱ ሶዳ ትርፍ በዱቄቱ ውስጥ ቀርቶ ነበርና ሶዳው እንደ አመዱ ፖታሽ አደረገ። ሁለተኛውን ስምንት ጊዜ አጠብሁት፤ ከማጠቢያውም ውኃ ላይ ባሪየም ክሎራይድ ጠብ እያደረግሁ ነጭ ደመና እስኪጠፋ ድረስ አልተውሁትም። ያ ፍጭ ገሉን ለቀቀ። መስተዋቷን በጣቴ ብነካት ተንሸራተተች። ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነበር፤ የምነግረው ሰው አጥቼ ለዘበኛው ነገርሁት። «እሰይ!» አለኝ።

አቀባቡም የራሱ ወግ አለው። አንድ ስኒ ዱቄት በአምስት ስኒ ውኃ ይበጠበጣል፤ ቶሎ ስለሚዘቅጥ በየጊዜው ይማሰላል። በለስላሳ ብሩሽ አራት ወይም አምስት ጊዜ ስስ ስስ እየተደረገ፣ አንዱ ወደ ቁመት ሌላው ወደ ወርድ ይቀባል። ሸክላው ውኃውን እየጠጣ ዱቄቱን በላዩ ማስቀረት አለበት። የባልቴቲቱ ቃል የገባኝ እዚህ ላይ ነው። በተወለወለውና ዘይት በጠጣው ጣባ ላይ ብሩሹ ይንሸራተታል፤ ውኃው እንደ ጤዛ ይንከባለላል፤ ሲደርቅም እንደ ቅርፊት ይነሣል። ለእንጀራ ጸጋ የነበረው ውልወላና ማሟሸት ለመስተዋት መርገም ይሆናል፤ አንዱ ማሰሻ ሌላውን ማሰሻ አያስገባም። ስለዚህ የቀረውን ጣባ ባዶውን እስከ 800 ዲግሪ አግዬ ዘይቱን አቃጠልሁት፤ ከዚያም ውስጡን በብርጭቆ ወረቀት አሻክሬ ቀባሁት። ባዶውን ማጋል ሌላም ጥቅም አለው። የአገራችን ሸክላ በሜዳ እሳት ስለሚቃጠል ከእቶናችን ባነሰ ሙቀት የበሰለ ሊሆን ይችላል፤ በውስጡም ጥላሸት ይቀራል። ያ ጥላሸት በመስተዋት ሥር ሲቃጠል ጋዙ መውጫ አጥቶ አረፋ ይሆናል። ቅቡም ከደረቀ በኋላ መስተዋት ሳይጫንበት ወደ 260 ዲግሪ ሞቆ እርጥበቱን መጨረስ አለበት።

እስከ 730 ዲግሪ ብቻ ለሚሄድ ሥራ ይህ ቅብ ሳይጫር ብዙ ጊዜ ያገለግላል፤ የኔው እስከ ዛሬ ሰባት ጊዜ ሠርቷል። መስተዋትን ከመስተዋት ጋር ለማዋሐድ ወደ 800 የሚወጣ ሰው ግን በየጊዜው ፍቆ እንደገና መቀባት አለበት፤ ካኦሊኑ በእሳት ከተለወጠ በኋላ መያዝ ይጀምራልና።

ስለ አምስተኛው ጣባ መናገር ረስቼ ነበር። እርሱን በጥሩ ማሰሻ ቀብቼ ሰበርሁት። ገልብጬ በጀርባው ላይ መስተዋት አለበስሁት፤ የመብራት ክዳን እንዲሆን ብዬ ነው። ሲቀዘቅዝ መስተዋቱ ጣባውን እንደ ጠባብ ቀለበት ጨምቆ ያዘው፤ ሁለቱም ተሰነጠቁ። ማሰሻው ጥፋት የለበትም። አንድ ሜትር የመስኮት መስተዋት ሙቀቱ በ100 ዲግሪ ሲወርድ ወደ 0.9 ሚሊ ሜትር ያጥራል፤ ሸክላ ከዚያ ያነሰ፣ ብዙውን ጊዜ ከ0.5 እስከ 0.7፤ የማይዝግ ብረት ግን 1.7 ገደማ። መስተዋት በጐድጓዳ ሸክላ ውስጥ ከሆነ ሲቀዘቅዝ ከግድግዳው እየሸሸ ይለቃል፤ በሸክላ ጀርባ ላይ ከሆነ ግን ያንቃል። ስለዚህ ሳሕን በሸክላ፣ የመብራት ክዳን በብረት መሠራት አለበት። በፎርማው ሥርም አንዲት ቀዳዳ በትራፓኖ መብሳት ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ በመስተዋቱ ሥር የታሰረው አየር መውጫ ያጣል።

አሁን በጣሳ ስለሚመጣው ነገር ላንሣ። ቦሮን ናይትራይድ ይባላል። ነጭ፣ እንደ ግራፋይት የሚያንሸራትት፣ መስተዋት ጨርሶ የማይነካካው ጥሩ ነገር ነው፤ አላጣጥለውም። በተለይ ለብረት ፎርማና ጥቃቅን ቅርጽ ላለበት ሥራ ይበልጣል። ነገር ግን በሸክላ ላይ ከተረጨ ቀዳዳዎቹን ይይዝና ከዚያ ወዲያ ሸክላው የኛን ቅብ አይጠጣም፤ አንዴ ከጀመርን በርሱው መቀጠል ነው፤ በየጊዜውም ይረጫል። በየጣሳው የውጭ ምንዛሪ ይጠይቃል። ጣሳው ሲያልቅ ሥራችን ያልቃል። በኔ አስተያየት ለዝቅተኛ ሳሕኖች አያስፈልገንም። የመብራቱን ክዳን የምንጀምር ከሆነ አንድ ጣሳ ብቻ ይገዛ።

የመረጣችሁት ማሰሻ የትኛውም ቢሆን ደረቁን ቅብ ስትፍቁ አፍንጫችሁን ሸፍኑ፤ በእርጥብ ስፖንጅ ጥረጉ እንጂ በመጥረጊያ አትጥረጉ። የሲሊካ ብናኝ ሳንባ ውስጥ ገብቶ አይወጣም። ይህን የምለው ባለፈው ሳምንት ሁለት ጓደኞቼ ገሎቹን በደረቁ ሲፍቁና በነጭ ፊታቸው ሲሳሳቁ ስላየሁ ነው።

የሚቀረው የገንዘብ ነገር ነው። ባልቴቲቱ ስድስት አዲስ ጣባ ሊሠሩልን ተስማምተዋል፤ ውስጡ ያልተወለወለ፣ ያልተሟሸ፣ ሥሩ ሳይቃጠል የተበሳ። «ሥራው ስለሚያንስ ዋጋውን ልቀንስልህ» አሉኝ። እኔ እንዳይቀንሱ ለመንኋቸው፤ ይህን ያደረግሁት ግን ሥልጣን ሳይኖረኝ ነውና ጉባኤው እንዲያጸድቅልኝ እለምናለሁ። የመጀመሪያዎቹን ስድስት የከፈልሁት ከኪሴ ነው፤ እርሱን አልጠይቅም። ለምክራቸው ግን ማኅበራችን አንድ ነገር ይክፈል የሚል ሐሳብ አለኝ፤ ለጣሳው ከተያዘው ገንዘብ ላይ ይገኛል። ስማቸውን በሳሕኖቹ ጀርባ እንጻፍ ወይስ አንጻፍ የሚለውን ግን እኛ ሳንሆን እርሳቸው ይወስኑ፤ ከወር በፊት ብጠይቃቸው «እስቲ መጀመሪያ ይውጣ» ብለውኛል።

ከስድስተኛው ጣባ የወጣው ሳሕን ይኸው። ከፊተኛው ረድፍ ይጀምርና እጅ በእጅ ይዙር። ጠርዙ ገና አልተሞረደምና ጣታችሁን ጠብቁ።